ማስኩ ባይጠራ ብዬ የተመኘሁበት ቀን

ባሕርን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኗ አይታ የማታውቅ፣ ወንዝ እንኳ ድልድይ ፈልጋ የምትሻገር የሆሳዕና ልጅ ስለ ጠላቂዎች ማስክ ምን ልታወራ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን እኔን ሌላ ሰው ያደረገኝ አንድ የመጥለቂያ ማስክ ነውና ትንሽ ታገሡኝ።

ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በኬሚስትሪ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴ ቤት ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ በኋላ፣ ከዶዮገና ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ የውሃ ጥራት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ሰዎቿ እስከ ዛሬ ባገኙኝ ቁጥር ይስቁብኛል፤ እናንተ ደግሞ እንድትጨመሩላቸው አልፈልግም።

በየጠዋቱ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ እወጣለሁ። እዚያ ትልቅ የኮንክሪት ውሃ ማጠራቀሚያ አለ። በብረት መሰላሉ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ክሎሪን እበጠብጣለሁ፣ የብረት ክዳኑን ከፍቼ ናሙና እቀዳለሁ፣ ዘግቼ እወርዳለሁ። ያ ነው ሥራዬ። ታዲያ ለዚህች ሥራ የነበረኝን ጥንቃቄ ብታዩ! እጁን ሳይታጠብ ወደ መሰላሉ የተጠጋ ሰው ከእኔ ጋር ዓመት ይጣላል። አለቃዬ አቶ ማቴዎስ እንኳ ወደ ኮረብታው ሲመጣ ገና ከሩቅ መዳፎቹን ዘርግቶ እያሳየኝ ነበር የሚገባው። ቢሮ ውስጥ ያወጡልኝ ስም ወይዘሪት ክሎሪን ነበር። በአደባባይ እቆጣ ነበር እንጂ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር።

ማጠራቀሚያውን የሚጠብቁት ጋሽ ሀንዲሶ የሚባሉ አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ኮረብታ ላይ የቆዩ ሰው ናቸው። ከአጥሩ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለቻቸው፣ ከቤቷ ጎን ጥቂት እንሰት፣ ከእንሰቱ ጎን ድንች። እሳቸው ከምባትኛ፣ እኔ ሀድይኛ፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ብዙ አይናገሩም። እኔ ስለ ባክቴሪያ ስለፈልፍ "እሺ ልጄ" ይላሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ድንቻቸውን ይኮተኩታሉ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የክሎሪን በርሜሉ ክዳን ተሰንጥቆ ነበር። ክሎሪን ፀሐይና አቧራ አይወድም። አዲስ ክዳን እንዲገዛ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። በዚህ አገር ደግሞ የሚሸፈን ነገር ሲገኝ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ቆጮው በኮባ ይጠቀለላል፣ ቅቤው በኮባ ይቋጠራል፣ ዝናብ ሲመጣ ሰውም ራሱ ኮባ ይደፋል። እኔም ከጋሽ ሀንዲሶ እንሰት አንድ ሰፊ ቅጠል ቆርጬ በርሜሉን ሸፈንኩ፣ በቃጫ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ከፕላስቲኩ ይልቅ አማረበት። ለሰው ስለ ባክቴሪያ የምታስተምረው ሴት የከተማውን ክሎሪን በቅጠል ጋረደችላችሁ!

ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ናሙና ለመቅዳት ወጣሁ። ኮባውን ከነቃጫው አንሥቼ በተከፈተው የማጠራቀሚያ አፍ ዳር አስቀመጥኩት። ያኔ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ናት።

"ለያሆዴ ትመጫለሽ አትመጪም? ቁርጡን ንገሪኝ!"

በያሆዴ፣ በሀድያዎች የመስቀል በዓል፣ ጉዳይ ከእናቴ ጋር መከራከር ቀላል አይደለም። እየተከራከርኩ ናሙናዬን ያዝኩ፣ እየተከራከርኩ ክዳኑን ዘጋሁ፣ እየተከራከርኩ ወረድኩ። በማግስቱ ስመለስ ኮባው የለም። ነፋስ ወስዶታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በርሜሉን በፌስታል ሸፍኜ ተውኩት።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት በከተማው ያሉት ቦኖዎች ሁሉ መንጠባጠብ ጀመሩ። በአንድ ሰዓት ተኩል የቢጫ ጀሪካኑ ሰልፍ እስከ ገበያው ደረሰ። የማጠራቀሚያው ውሃ ሙሉ ነው፣ ወደ ከተማው ግን አይወርድም። የመውጫው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለውን ወንፊት አንድ ነገር ደፍኖታል። አቶ ማቴዎስ ይህን ሲናገር ምን እንደደፈነው በዚያች ቅጽበት አወቅሁ።

ያለን ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ውሃውን በሙሉ አፍስሶ ገብቶ መጥረግ ነው፤ እንደገና እስኪሞላ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጃል። ይህ ማለት ዓመት ሙሉ ሲጠበቅ የኖረው በዓል፣ ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም ልጆቹ ወደ ቤት በሚጎርፉበት ቀን፣ ያለ ውሃ ይውላል ማለት ነው። ሌላው ሰው ጠልቆ ወንፊቱን እንዲያጸዳ ማድረግ ነው። በዚያ ደጋ ማን ይጠልቃል?

"የሼህ ኑሪ ልጅ ተማም መጥቷል" አለ ከሠራተኞቹ አንዱ። "ሐይቅ ዳር ሎጅ ውስጥ ነው የሚሠራው። የጀልባ መልሕቅ ምናምን እየጠለቀ ያወጣል።"

ተማምን እስኪያመጡት አቶ ማቴዎስ ወደ ጋሽ ሀንዲሶ ዞረ።

"የክዳኑ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው?"

"እኔና ድንቅነሽ ጋ" አሉ ጋሽ ሀንዲሶ ወደ እኔ እያመለከቱ።

"ድንቅነሽን እንኳ ይተዋት፤ እሷ የዝንብ ጥላ እንኳ ውሃው ላይ እንዲያርፍ አትፈቅድም። እርስዎ ነዎት ከፍተው የተዉት። ልጆች ምን እንደጣሉበት ማን ያውቃል! ከተማው ሁሉ እኔን ነው የሚሰድበኝ።"

"እኔ አልከፈትኩም።"

"አልከፈትኩም ይበሉ! ከበዓሉ በኋላ ሌላ ጥበቃ እንቀጥራለን። በቃ!"

ጋሽ ሀንዲሶ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፤ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ የኖርኩበት የእናቴ ሳሎን በዓይኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። ደግሞም እኮ ምናልባት ኮባው ላይሆን ይችላል አልኩ ለራሴ። እንዴት ያለች ውሸታም ነበርኩ!

ተማም በሦስት ሰዓት ደረሰ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ወሬኛ ልጅ ነው። በብብቱ ካርቶን ይዟል፤ ውስጡ ሎጁ ውስጥ ያረፈ አንድ እንግዳ የሰጠው አዲስ የመጥለቂያ ማስክ አለ።

"የአየር ጋኑ እዚያው ቀርቷል" አለ። "ግን አራት ሜትር ምን አላት? ትንፋሼን ይዤ እወርዳለሁ።"

በዚህ ጊዜ ወይዘሪት ክሎሪን ተነሣች። ተማምን ከቆርቆሮው ቤት ጀርባ በሳሙና ሁለት ጊዜ እንዲታጠብ አደረግሁ። አዲስ ቁምጣ ከሱቅ አስመጣሁ። ከዚያ ስስ ክሎሪን በበጠበጥኩበት ውሃ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጥፍሩ እንዲለቃለቅ አዘዝኩት።

"ለኒካሕዬም እንዲህ አልታጠብኩ!" አለ እየተንቀጠቀጠ። መስከረም ቢሆንም ኮረብታው ላይ ደመናው ገና መሬት ለመሬት ይሄድ ነበር።

የመውጫውን ቫልቭ ዘጋን፤ ካልተዘጋ ስቦ ሊይዘው ይችላል። ወገቡን በገመድ አሰርነው፣ ውሃ የማያስገባ የእጅ ባትሪ ያዘና ገባ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ አብሮት የጠለቀ ይመስል ነበር። ተማም ብዙም ሳይቆይ ብቅ አለ።

"ምንም አይታይም! ማስኩ ጉም ለበሰ!"

እውነትም መስታወቱ ከውስጥ በኩል ነጭ ሆኗል።

"በእጅህ ዳብሰህ አታገኘውም?" አለ አቶ ማቴዎስ።

"ወንፊቱ ውስጡን ከሚከፍለው ግድግዳ ጀርባ ነው ያላችሁት። ብረቱ የዛገ ነው፣ እጄን ይቆርጠዋል። ሳላይ አልነካም።" ከዚያ ማስኩን አወለቀና ፈገግ አለ። "ችግር የለም፤ የዚህ መድኃኒት እዚሁ አለ። እንትፍ እልበታለሁ፣ አሸዋለሁ፣ ለቅለቅ አደርገዋለሁ፣ ይጠራል። ጠላቂ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።"

"እንዳትሞክራት!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ከማጠራቀሚያው ውስጥ መልሶ አስተጋባ።

"ምን ሆንሽ እህቴ? ምራቅ ነው እኮ፣ መርዝ አይደለም።"

"ሐይቅህ ውስጥ እንደፈለግህ ትፋ! ይሄ ሰው የሚጠጣው ነው። ምራቅ የነካ ነገር እዚህ ውሃ ውስጥ አይገባም።"

"ትንሽዬ እንትፍታ!"

"ትንሽም ትልቅም የለም!"

ሠራተኞቹ ሳቁ። አቶ ማቴዎስ በረጅሙ ተነፈሰና "የውሃ ጥራት ሠራተኛዋ እሷ ናት። እንዳለችው ይሁን" አለ።

እውነት ለመናገር ያልኩት ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያንኑ እላለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት ስጮህ ስንቱ የንጽሕና፣ ስንቱ የፍርሃት እንደነበር እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። ማስኩ ካልጠራ ተማም አያይም። ተማም ካላየ ኮባው አይወጣም። ኮባው ካልወጣ ማንም እኔን አይጠይቅም። ውሃው ከፈሰሰ ደግሞ ማንም ሳያየኝ ቀድሜ ገብቼ ላነሣው እችላለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። የሰው አእምሮ ለክፋት ሲሆን እንዴት እንደሚፈጥን!

ተማም ማስኩን በንጹሕ ውሃ አጥቦ ሁለተኛ ወረደ። ያው ነው። ያኔ ግንባሩን መታ።

"አዲስ ነዋ! አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ ቅባት ነገር አለበት። አስቀድሞ በጥርስ ሳሙና መታሸት ነበረበት። እኔ ደግሞ ትናንት ነው ከካርቶኑ ያወጣሁት።"

የጥርስ ሳሙና ከታች መጣ። ተማም ቁጭ ብሎ መስታወቱን ከውስጥ ሲያሽ ቆየ፣ ከአጥሩ ውጭ አለቀለቅነው። በሦስተኛው ትንሽ ተሻለው፤ ቱቦውን አየሁ አለ። ከግድግዳው ጀርባ ሲዞር ግን እንደገና ተሸፈነበት። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ፣ የተማም ፊት ደግሞ ትኩስ ነው። አራተኛውም እንዲያው ሆነ። ልጁ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ፣ ወሬውም ቀነሰ።

በየመሃሉ ፎጣ ይዘው ቆመው የሚጠብቁት፣ ሲወጣ ጋቢያቸውን የሚያለብሱት ጋሽ ሀንዲሶ ነበሩ። ከሥራ የተባረሩት ሰውዬ።

አቶ ማቴዎስ ሰዓቱን አየ። "እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ እንሞክራለን። ካልሆነ ይፈስሳል። ከዚያ ሕዝቡን እኔ እጋፈጣለሁ።"

እኔ እኮ መላውን አውቀው ነበር። ኬሚስትሪውንም አውቀዋለሁ። ሞቃት ትንፋሽ ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ሲቀመጥ ነው ዓይን የሚጋርደው። መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ካለ ግን ጠብታው ይዘረጋና ጥርት ይላል። ምራቅም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከኬሚስትሪው በፊት ደግሞ አባቴን አውቀዋለሁ። አባቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ከአንጋጫና ከዶዮገና ድንች እየጫነ ወደ ሆሳዕና ይመላለስ ነበር። ጉሙ ሲበረታና መስታወቱ በትንፋሽ ሲታፈን መኪናውን ዳር ያስይዝና ከጭነቱ አንድ ድንች አውጥቶ ለሁለት ይሰነጥቃል፣ የተሰነጠቀውን ፊት መስታወቱ ላይ ያሻል። ልጅ ሆኜ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ድንች ደግሞ የሰው ምግብ ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢገባም ማንንም አይገድልም። ዙሪያዬን ሁሉ ድንች ነው። እኔ ዝም።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሀንዲሶ ከቆርቆሮ ቤታቸው በሳህን የተቀቀለ ድንች ይዘው መጡ። ለተማም ሰጡ፣ ለሠራተኞቹ ሰጡ፣ ላባረራቸው ለአቶ ማቴዎስም ሰጡ። ከዚያ አንዱን መርጠው፣ እፍ እፍ እያሉ ልጠው፣ በጨው ነክረው ወደ እኔ ዘረጉት።

"እንቺ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።"

እጄ ላይ ሲያስቀምጡልኝ ዓይናቸውን አየሁ። ድንቹ ትኩስ ነው፤ መጣልም መጉረስም አቃተኝ። እንባዬ መጣ። እንዴት ያለ ዕፍረት እንደነበር ልገልጸው አልችልም።

"ጋሽ ሀንዲሶ" አልኩ፣ "ጥሬ አለዎት?"

"ጥሬ ምን ይሠራልሻል? ይሄ ይሻላል።"

"ጥሬ ይስጡኝ። ቢላም።"

አመጡልኝ። ድንቹን አጠብኩ፣ ልጬ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ማስኩን ከተማም እጅ ተቀብዬ መስታወቱን በውስጥ በኩል ጭማቂው እስኪወርድ ድረስ አሸሁት። በንጹሕ ውሃ በስሱ ለቅለቅ አደረግሁት፤ በእጄ ግን አልጠረግሁትም። ሁሉም ያዩኛል። ተማም "አሁን ደግሞ ጥብስ ልትሠራብኝ ነው" ብሎ ሳቀ።

ማስኩን አቀበልኩት።

"አሁን ይታይሃል" አልኩት። "ስትወርድ ወንፊቱ ላይ የምታገኘው ኮባ ነው። ትልቅ የእንሰት ቅጠል። ጫፉ በቃጫ ታስሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ሀንዲሶ አልከፈቱም።"

አቶ ማቴዎስ ድንቹን እንደጎረሰ ቀረ። በመጀመሪያ የተናገረው ተማም ነው።

"እሺ" አለ ማስኩን እያጠለቀ፣ "ቢያንስ የምፈልገውን አወቅሁ።"

ጠለቀ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቆየ፣ ቆየ። ድንገት ውሃው ተናወጠና ልጁ ብቅ አለ፤ እጁ ላይ አረንጓዴ ብጥስጣሽ ይዟል።

"ጥርት ብሎ ይታያል! እንደ ቴሌቪዥን! ሌላም አለ፣ ቆዩኝ!"

ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ የቀረውን ኮባ ከነቃጫው ይዞ ሲወጣ ቅጠሉ ራሱ ላይ ተጠምጥሞ ነበርና ሠራተኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ቫልቩን ስንከፍተው ቱቦው አጉረመረመ፣ ተንደቀደቀ። ከደቂቃዎች በኋላ ከታች ከከተማው የሴቶች እልልታ ተሰማ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ ማቴዎስ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

"ሦስት ሰዓት ሙሉ!" አለኝ። "ሦስት ሰዓት ሙሉ እዚህ ቆመሽ ሰውዬውን ስሰድበው ታያለሽ?"

"አዎ።"

"ባክቴሪያ ባክቴሪያ የምትይን አንቺ?"

"አዎ።"

አቶ ማቴዎስ ዘወር ብሎ ጋሽ ሀንዲሶ ፊት ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ይቅርታ መጠየቅ ያልለመደ ሰው ሲጠይቅ ያስቃልም፣ ያሳዝናልም። "በቁጣ ነው… ይቅር ይበሉኝ፣ ሥራዎ ሥራዎ ነው" አለ። ጋሽ ሀንዲሶ "እሺ" አሉ። ያቺው "እሺ" ናት።

እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ የሙከራ ጊዜዬም በሦስት ወር ተራዘመ። ሰው ጠልቆበታልና ውሃውን በየሁለት ሰዓቱ እየለካሁ በዓሉን እዚያው እንድውል ተወሰነብኝ። ለእናቴ ስነግራት ሆሳዕና ሆና ስትጮህ ስልክ የሚያስፈልጋት አይመስልም ነበር። አዲሱ የበርሜል ክዳን ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ በዚያው ሳምንት ተገዛ።

ምን ለወጠሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ንጹሕ ሰው ነኝ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። እጄ ንጹሕ፣ ጠርሙሴ ንጹሕ፣ መዝገቤ ንጹሕ። ለካ ስም መጠበቅ ሌላ፣ ንጹሕ መሆን ሌላ ኖሯል። አሁን ዱራሜ ሆኜ አዳዲስ የውሃ ሠራተኞችን አሠለጥናለሁ። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ስለ ክሎሪን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ፣ ይህንን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ። ከሳቁ በኋላ ስሕተት ሲሠሩ ሮጠው ይነግሩኛል፤ እኔም አልቆጣቸውም። እናንተም ብትሆኑ ጥፋታችሁን ሌላ ሰው ተሸክሞት ካያችሁ እንደኔ ሦስት ሰዓት አትቁሙ። የምትፈሩት ነገር ከቆማችሁበት ቦታ የሚከፋ አይደለም። ደርሶብኝ ስለማውቀው ነው።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። በመስቀል ዕለት ጋሽ ሀንዲሶ ወደዚያችው የቆርቆሮ ቤታቸው አስገብተው አበሉኝ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ ከወንጂ የመጣው ወንድማቸው፣ ሁሉም ተሰብስቧል። ክትፎና ቆጮ አጉርሰውኝ ከጨረሱ በኋላ ብቻችንን ደጃፉ ላይ ስንቀር ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

"ቅጠሉን ከእንሰቴ ስትቆርጪ አይቼሻለሁ" አሉ። "ስታስሪውም አይቻለሁ።"

ክው አልኩ። "ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንቺ ገና ሥራ መጀመርሽ ነው። እኔ ድንች አለኝ፣ እንሰት አለኝ። ቢያባርረኝም አልራብም አልኩ።"

መሬት መሬቱን አየሁ። ጋሽ ሀንዲሶ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

"ግን እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ትንሽ ተናድጄብሽ ነበር።"